በባለ ሁለት በር መኪና የሕፃን ወንበር ይገባል ወይ?



ከወለድኩ ወዲህ ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ከቀሚሱ በፊት የሚጠይቀኝ ስለ መኪናዬ ሆኗል። በር ላይ ቆማ ያያታል፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ በሯ ሁለት ብቻ። በኋላ መስኮቷ ደግሞ የሕፃን ወንበር ይታየዋል፤ ብዙዎቻችን ካር ሲት የምንለው። «እንዴት አስገባሽው?» ይላል አንዱ። «ለኔም አምጪልኝ፣ ስንት ይወጣል?» ትላለች ሌላዋ። አንድ የሃዋሳ ልጅማ «ልጅቷን በመስኮት ነው የምታቀብሏት?» ብሎ ሱቁን በሙሉ አሳቀብኝ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ይገባል። ግን ወንበሩ ሲገባ ከሰዎቹ አንዱ ይወጣል። ረጅሙ መልስ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

መኪናዋ ቶዮታ 86 ናት፤ ቶዮታና ሱባሩ አብረው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጧት። የኔዋ የ2013 ናት። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ስለማይገባ፣ በ2019 ስገዛት ገና ጊዜ ነበራት። ያያት ሁሉ የባለቤቴ ትመስለዋለች። የኔ ናት። ከሽሮ ሜዳ ቀሚስና ነጠላ፣ ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ በሞያሌ በኩል እያመጣሁ ናይሮቢ ስሸጥ 6 ዓመት ቆጥቤ ነው የገዛኋት። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድም የለው።

እርጉዝ መሆኔ ሲታወቅ ምክሩ ዘነበ። «አሁንማ ሽጪያት፣ እናት ልትሆኚ ነው፤ ፕሮቦክስ ግዢ።» ፕሮቦክስን አልንቅም፤ ሚራ ጭኖ ከሜሩ ሲወርድ መንገድ የማይለቅለት የለም። ግን መኪናዋን ከመሸጤ በፊት ልለካት ፈለግሁ። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ሜትር ከአንገቱ አይወርድም።

ስለ መለካቱ ከማውራቴ በፊት ስለ እናቴ ልናገር፤ ትልቁ ሥራ እዚያ ነበርና።

እናቴ ልታርሰኝ ከዲላ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቡና ገዝታ ያስጫነች ሴት ናት። ከሆስፒታል ስንወጣ ሕፃኗን ወንበሩ ውስጥ ላስቀምጥ ስል እጇን ዘረጋች። «አምጪያት፤ የሦስት ቀን ልጅ በገመድ አታስሪም። እኔ እይዛታለሁ» አለች። ይህን የሚል ሰው በየቤታችሁ አለ። እኛ ዘንድ የልጅ ቦታ ጀርባ ነው፣ ወይም እቅፍ። በአንቀልባ ታዝለን አድገናል፤ ከእናት ክንድ የበለጠ መያዣ አለ ብሎ የሚያስብ ማን አለ? በእግር ሲኬድ እውነት ነው። በመኪና ግን አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ በእናቴ ቋንቋ ነበር የማስረዳት የነበረብኝ።

እንዲህ አልኳት። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል፤ ከተማ ውስጥ የሚነዳበት ፍጥነት። ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨና በግማሽ ሜትር ውስጥ ቆመ። በዚያች ቅጽበት በመኪናው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ከክብደቱ 20 እጥፍ ያህል ሆኖ ወደ ፊት ይሄዳል። ልጅቷ 5 ኪሎ ስትሆን አንድ ኩንታል ሆነች ማለት ነው። እናቴ ኩንታል ታውቃለች። ኩንታል የሚሸከሙ ወዛደሮች በእጇ ሲከፈላቸው ኖረዋል። ዝም ብላ ቆየችና «ኩንታል በእቅፍ አይያዝም» አለች። ቀጥላ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብላ «ታዲያ ይሄ ራሱ ታስሯል?» ብላ፣ የተጫነ ጆንያ እንደምትፈትሽ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። አልተነቃነቀም። ያኔ ነው እጇን የሰበሰበችው።

ሳላውቀው ያደረገችው ትክክለኛው ፈተና ነው። ወንበሩን ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ግራ ቀኝ ስትነቀንቁት ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ በላይ ከሄደ ጭነቱ ላላ ነው።

ሌላው ቅሬታዋ ልጅቷ ወደ ኋላ ዞራ መቀመጧ ነበር። «ምን አጠፋች? ግድግዳ እያየች የምትሄደው» ትላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። የጨቅላ ጭንቅላት የቁመቷን ሩብ ያህል ነው፤ አንገቷ ደግሞ ገና ለጋ። ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ብትቀመጥና ግጭት ቢመጣ፣ ቀበቶው ትከሻዋን ያስቀረዋል፤ ጭንቅላቷ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ጀርባዋን ወደ መኪናው ፊት ስትሰጥ ግን ጭንቅላቷም፣ አንገቷም፣ ጀርባዋም በአንድ ላይ ወንበሩ ላይ ያርፋሉ። አር 129 የሚባለው የአውሮፓ ደንብ ቢያንስ እስከ 15 ወር ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጡ ይላል። ወንበሩ እስከቻላት ድረስ ቢቆይ ደግሞ ይሻላል። እግሯ ይታጠፋል፤ ይታጠፍ። የታጠፈ እግር ያመማት ሕፃን አላየሁም።

እንግዲህ ወደ ሜትሩ።

ሱቅ ገብቼ የመጀመሪያውን ወንበር ሳይ ልቤ ወደቀ። ከታች የራሱ መቀመጫ ያለው፣ በአይሶፊክስ የሚገጠም፣ ከፊቱ ወደ መኪናው ወለል የሚቆም እግር ያለው ነው። አይሶፊክስ ማለት ከመኪናው መቀመጫና መደገፊያ መካከል የተደበቁ ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ ወንበሩ ጠቅ ብሎ ይያዝባቸዋል። የኔ መኪና የኋላ ወንበሮች አላቸው፤ እጃችሁን ሰዳችሁ ብትዳስሱ ታገኙታላችሁ። ወንበሩ ጠቅ አለ። ግን ያ ሁሉ መቀመጫ ከነልጅ ማረፊያው ርዝመቱ ብዙ ነው፤ ጋቢናውን ወደ ፊት ስገፋ፣ ስገፋ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። እዚያ ጋቢና ላይ ቦርሳ እንጂ ሰው አይቀመጥም።

ሁለተኛው ቀለል ያለው፣ እጀታ ያለውና በመኪናው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ብቻ የሚታሰረው ነው። አጭር ነው፣ ርካሽም ነው። እሱ ነው የገባው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ውድ የሆነው ሁሉ ለእናንተ መኪና የተሻለ ነው ማለት አይደለም። አይሶፊክስ ለመሳሳት ስለማያመች ይመረጣል እንጂ፣ በቀበቶ በትክክል የታሰረ ወንበርም ሥራውን ይሠራል። ግን ሻጩን «መኪናዬ ጋ ይዘነው እንውጣ» በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሳይለካ አይከፈልም።

የስፖርት መኪና ችግር ጥበቱ ብቻ አይደለም። የኋላ መቀመጫው እንደ ገበቴ የተጎደጎደ ነው፤ ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ይላል። ሰው ሲቀመጥበት ይመቻል። ወደ ኋላ የሚዞር የሕፃን ወንበር ሲቀመጥበት ግን የራስጌው በኩል ከፍ ስለሚል ልጅቷ ቀጥ ትላለች። አራስ ልጅ ቀጥ ስትል አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል፤ አገጩ ከወደቀ ደግሞ የምትተነፍስበት መንገድ ይጠባል። ድምፅ የሌለው አደጋ ስለሆነ ነው ብዙ የምጨነቅበት። በብዙዎቹ ወንበሮች ጎን ላይ መስመር ወይም ቀስት አለ፤ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ መስመሩ ከመሬት ጋር እኩል መሄድ አለበት። የኔው እኩል አልሄደም። የወንበሩ መመሪያ ስለሚፈቅድ፣ ፎጣ አጥብቄ ጠቅልዬ የመኪናው መቀመጫና መደገፊያ በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ አደረግሁ፤ የግርጌው በኩል ከፍ አለና መስመሩ ተስተካከለ። መመሪያው ካልፈቀደ ፎጣ አይደረግም። ሌላ ወንበር ይፈለጋል።

ቀጥሎ የልጅቷ የራሷ ቀበቶ። ወደ ኋላ ለሚዞር ወንበር ማሰሪያው ከትከሻዋ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቀዳዳ ይወጣል። ካሰራችሁ በኋላ ትከሻዋ ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፤ መቆንጠጥ ከቻላችሁ ላላ ነው። እዚህ ላይ ነው ከእናቴ ጋር ሁለተኛው ጦርነት የተነሳው፤ ምክንያቱ ጋቢ። ናይሮቢ በሐምሌ ትበርዳለች፤ እናቴ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ ነው የምታመጣት። በጋቢ ላይ የታሰረ ቀበቶ የጠበቀ ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን ጋቢው ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። ስለዚህ ልጅቷ በስስ ልብስ ትታሰራለች፤ ጋቢው ከላይ ይደረባል። ታረቅን።

ከዚያ ማን የት ይቀመጣል? መኪናዋ በወረቀት አራት ሰው ትጭናለች። ወንበሩን ከጋቢና ኋላ፣ በግራ አደረግሁት፤ ኬንያ በግራ ስለሚነዳ ያኛው በር የሚከፈተው ወደ እግረኛ መንገድ ነው። ከሾፌር ኋላ ያላደረግሁት ደግሞ የኔን ወንበር ለሕፃኗ ብዬ ወደ መሪው ስለማላስጠጋ ነው። ሾፌር እንዲመቸው ተቀምጦ፣ ደረቱ ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ መንዳት አለበት። ጋቢናውን ቀለል ባለው ወንበርም ቢሆን ወደ ፊት መሳብ ነበረብኝ። እናቴ አጭር ናት፤ ይበቃታል። ባለቤቴ ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ነው፤ ጉልበቱ ዳሽቦርድ ይነካል። ከተማ ውስጥ ከኔ ኋላ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ «እንደ ቦንዳ አሰርሽኝ» ይላል። ሦስት ትልልቅ ሰዎችና አንድ ሕፃን ሆነን ከተማ ለከተማ እንሄዳለን እንጂ ከዚያ አናልፍም።

ማስገባቱም ዘዴ አለው። በሁለት በር መኪና ጎንበስ ብሎ ልጅ በክንድ ዘርግቶ ማስገባት የአራስን ወገብ ይሰብራል። እኔ ቀድሜ ገብቼ ከኋላ ቀኙ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴ ያቀብለኛል፤ ተረጋግቼ አስሬያት እወጣለሁ። ብቻዬን ስሆን አቅፌያት እገባለሁ። ዝናብ ሲሆን ሁላችንም እንበሰብሳለን፤ ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁም።

ከደንበኞቼ አንዱ ማዝዳ ሮድስተር አለው፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት። «አንቺ ካስገባሽ እኔም ጋቢናው ላይ አደርገዋለሁ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ኤርባግ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይፈነዳል፤ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ጀርባው ኤርባጉ ሥር ነው፣ ልጁም ጭንቅላቱን እዚያው ላይ ነው ያስደገፈው። ጋቢናው ላይ ያለውን የፀሐይ መከላከያ ገልብጣችሁ ሥዕሉን እዩት፤ የተሰረዘ የሕፃን ወንበር ነው። የጋቢናው ኤርባግ ከፋብሪካው በተሠራ ቁልፍ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጠፍቶና መብራቱ ታይቶ ይቻላል። ቁልፍ ከሌለ አይቻልም። አንድ ፉንዲ «ሽቦውን እነቅልልሃለሁ» ብሎት ነበር። ፉንዲው ምን እንደነቀለ ማን ያያል? ነገ ጋቢናው ላይ ትልቅ ሰው ሲቀመጥስ ማን ይመልሰዋል? ልጁ አሁን በሚስቱ መኪና ይሄዳል።

ልጄ አራት ወር ሲሞላት እናቴን ልሸኝ ሞያሌ ሄድን። ባለቤቴ ሱቁን ይዞ ቀረ፤ እኔ፣ እናቴና ልጅቷ ሆንን። 800 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው፤ ከኢሲዮሎ በላይ ያለው ሁሉ አስፋልት ሆኖ መኪናዬ ማርሳቢትን አልፋ ትሄዳለች ብሎ ድሮ ማን ያስብ ነበር? ለጎልማሳ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ለኛ ሁለት ቀን ሆነ። ሕፃን ወንበሩ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከሞላት መውጣት፣ መዘርጋት፣ መጥባት አለባት። ናንዩኪ ቆምን፣ ኢሲዮሎ ቆምን፣ ላይሳሚስ ቆምን፣ ማርሳቢት አደርን። በቆምን ቁጥር እናቴ አውጥታ ታዝላታለች፤ ያ ሰዓት የሷ ነበር። ስትጠባም መኪናው ይቆማል። «አንዴ ላጥባት» ተብሎ እየተነዳ ከቀበቶ አይወጣም።

ከኢሲዮሎ በኋላ ሙቀቱ ሌላ ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ከቆመ የማሰሪያው ብረት የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል። ባዶውን ወንበር በነጠላ እሸፍነዋለሁ፤ ልጅቷ ስትገባ ግን ነጠላው ይነሳል፤ ለጥላ ተብሎ ፊቷ ላይ የሚጣል ጨርቅ አየር ይዘጋል። በእጄ ብረቱን ሳልነካ አላስቀምጣትም።

ሞያሌ ላይ ለምትሻገሩ አንድ ነገር፦ ኢትዮጵያ በቀኝ ነው የሚነዳው። በኬንያ በኩል ደህና የነበረው የግራ በር፣ ድንበሩን ስታልፉ ወደ መንገዱ መሃል ይከፈታል። ልጅ ለማውጣት ከመንገድ ወጥታችሁ ግቢ ውስጥ ወይም ማደያ ቁሙ። እኔ መኪናዬን በኬንያ በኩል ትቼ ነው እናቴን በእግር ያሻገርኳት፤ እዚያ ድረስ አዝላት ሄደች።

ሞያሌ ላይ የማውቀው አስመጪ ወንበሩን አየና «ይህን ታዲያ ለምን ትሸከሚያለሽ? እኔ ጋ ቀላሉ አለ» ብሎ ካርቶን ከፈተልኝ። ስፖንጅ የገባበት ጨርቅ ነው፤ ማሰሪያ ተሰፍቶበታል፤ ከመኪናው ወንበር ጋር በገመድ ነገር ይታሰራል። ጠንካራ አካል የለውም። ዋጋው የአንድ ነጠላ ነው። «መቶውን ውሰጂ፣ ናይሮቢ በሳምንት ያልቃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያልቃል። ትርፉን በልቤ አሰላሁት፤ ነጋዴ ነኝና ማስላቴ አይቀርም። ገለበጥኩና ምልክት ፈለግሁ። የአውሮፓው ደንብ ምልክት ብርቱካናማ ነው፤ በክብ ውስጥ የላቲኗ ኢ ከቁጥር ጋር፣ ከጎኑም አር 44 ወይም አር 129 የሚል ይኖረዋል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ የፌዴራል ደንብ ቁጥር 213 ይጠቅሳል። ይሄኛው ላይ ምንም የለም። አልወሰድኩም። አስመጪው አሁንም ትንሽ ያኮርፈኛል።

ሰልባጅ ልብስ ነውር የለውም፤ ከጊኮምባ ስንቶቻችን ለብሰናል። ያገለገለ የሕፃን ወንበር ግን ግጭት አይቶ እንደሆነ ፊቱ ላይ አይጻፍም፤ የተሰነጠቀው ከጨርቁ ሥር ነው። ከእህታችሁ፣ ታሪኩን ከምታውቁት ሰው ከሆነ ውሰዱ፤ ከፕላስቲኩ በታች የተቀረጸውን የማብቂያ ዓመት አይታችሁ። ዱባይ የምትመላለሱ ደግሞ እዚያ ያለው ምርጫ ሰፊ ነው፤ ኤምሬትስ ከ2017 ጀምሮ እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በሕግ ስላስገደደች መደብሩ ሁሉ ይዞታል። ብቻ የመኪናችሁን የኋላ ወንበር ለክታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ።

ልጄ አሁን አሥር ወሯ ነው። ጭንቅላቷ ከወንበሩ ጠርዝ ሦስት ጣት ቀርቶታል፤ ጠርዙ ላይ ከመድረሷ በፊት ይለወጣል። የሚቀጥለውን፣ ትልቁንና አሁንም ወደ ኋላ የሚዞረውን ወንበር ባለፈው ሳምንት ወስጄ ለካሁት። አልገባም። ጋቢናውን እስከ መጨረሻ ገፍቼም አልገባም። ወደ ፊት ባዞራት ይገባል፤ ለመኪና ብዬ ግን አላዞራትም።

ስለዚህ መኪናዋ ለሽያጭ ቀርባለች። ቀይ፣ የ2013፣ ማኑዋል፣ ጎማዋ አዲስ፣ ግጭት የማታውቅ። ላላገባ ሰው ትመቻለች፤ ለአጭር እናትና ለአንድ አራስም ለዓመት ያህል። ዋጋ በሱቅ እንነጋገራለን። ፕሮቦክስ የሚለውጠኝ ካለም እሰማለሁ፤ የኋላ ወንበሩን ግን ለክቼ ነው።